ፈረሳችሁ ሲቦረሽ መናከስ ከጀመረ ከመግረፋችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ሰላም ሰላም። ይሄን የምጽፈው ፈረስ ላላቸው ሰዎች ነው፣ ጋሪ የሚያስጎትቱም ይሁን እንደኛ ቤት ለገበያና ለለቅሶ መሄጃ የሚያኖሩ። ባለፈው አመት እኛ ቤት የደረሰው ነገር ወራት ፈጀብን፣ ቀድሞ የነገረን ሰው ቢኖር ግማሹን ጣጣ እናመልጥ ነበር፣ እና አንድ ሰው እንኳን ቢጠቀምበት ብዬ ነው።

ያለነው ሰሜን ሸዋ ባሶና ወራና ነው፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ። ፈረሱ የአባባ ነው። መልኩ ዳማ ነው፣ ማለት ቀላ ያለ ቡናማ፣ ድንጉላ ነው፣ ማለት ያልተኮላሸ፣ ግን ልጅ እየመራው ውሃ የሚያጠጣው ጨዋ ፈረስ ነበር። እኔ ከተማ ነው የምሰራው፣ ቤት ስገባ እሱን መቦረሽ ከልጅነቴ ጀምሮ የኔ ስራ ነው፣ እና ሲቦረሽ የታችኛውን ከንፈሩን ጥሎ አይኑን ከደን አድርጎ የሚያንቀላፋ አይነት ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ግን ነገሩ ተለወጠ። መጀመሪያ ትንንሽ ነገር ነው፣ ብሩሽ ይዤ ስጠጋ ጆሮውን ወደኋላ መለጠፍ፣ ጭራውን ማወናጨፍ፣ ጎኑ ላይ ያለው ቆዳ ዝንብ ሳያርፍበት መንቀጥቀጥ። ቀጥሎ ከፊት እግሩ ብብት ኋላ፣ ማለት የኮርቻው ጠፍር የሚያርፍበት ጋ ስደርስ ሆዱን ወደላይ ሰብስቦ አንገቱን እያዞረ አየር መንከስ ጀመረ። መስቀል አካባቢ የእህቴን ልጅ ጃኬት እጅጌ ያዘና ቀደደው። ክንዱን ቢያገኘው ኖሮ ምን እንደሚሆን እግዜር ነው የሚያውቀው።

ያኔ ነው እንግዲህ ሰው ሁሉ ሐኪም የሆነው። የሰፈሩ የመጀመሪያ ፍርድ ምን እንደሆነ ፈረስ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ጠግቧል። መስከረም ላይ ሳሩ ለምለም ነው፣ ፈረስ ይፈነጫል፣ ስለዚ አለንጋ ነው መድሀኒቱ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ደግሞ «ድንጉላ ነዋ፣ አኮላሹት ይበርዳል» አሉ። ሌላው ጎኑ ይተኮስ አለ። የሰው አይን ነው ያሉም ነበሩ፣ ፀበል ረጨንለት፣ እምነታችን ነው በዚህ አላፍርም፣ ግን ፀበል መርጨት ሐኪም መጥራትን አይከለክልም።

ከሁሉም የባሰው ግን ታላቅ ወንድሜ ከአንድ ባለጋሪ ጓደኛው የሰማው ዘዴ ነው፣ አንዱ ጆሮውን ጠምዝዞ ይይዛል ሌላው በፍጥነት ይቦርሻል። እውነት ነው ሲያዝ ፀጥ ይላል፣ ሲያዩት የሰራ ይመስላል። ከዛ በኋላ ግን ጆሮውን የሚነካው ሰው ሲመጣ ጭንቅላቱን ሰማይ ላይ ይሰቅላል፣ ልጓም ማግባት ራሱ ትግል ሆነ፣ ይባስ ብሎ ጆሮ መለጠፉን ተወና በቀጥታ መንከስ ጀመረ። ይሄን ነገር አስምሩበት። ፈረስ ጆሮውን ሲለጥፍ፣ ጭራውን ሲያወናጭፍ፣ የኋላ እግሩን አንስቶ ሲያስቀምጥ እየነገራችሁ ነው፣ አመመኝ ወይም ፈራሁ ተዉኝ እያለ ነው። በነገራችሁ ቁጥር ከቀጣችሁት መንገሩን ይተዋል፣ ህመሙ ግን አልተወውም፣ ስለዚ ሳይናገር የሚናከስ ፈረስ በገዛ እጃችሁ ሰራችሁ ማለት ነው።

እኔ መጀመሪያ ያደረኩት ብሩሹን ማስቀመጥ ነው። በባዶ እጅ፣ ደህና በልቶ ሲጨርስ፣ ፀሀይ ላይ አቁሜው ከአንገቱ ጀምሬ በመዳፌ ቀስ እያልኩ ሙሉ ሰውነቱን ሄድኩበት። እናንተም ብታደርጉት የምመክረው እንዲህ ነው፣ አንድ እጅ ትከሻው ላይ ይቀመጥ፣ ሌላው ፀጉሩን በአበቃቀሉ አቅጣጫ ተከትሎ ይሂድ፣ አይናችሁ ግን እጃችሁ ላይ ሳይሆን ጆሮውና አፍንጫው ላይ ይሁን። መጀመሪያ በለስላሳ ንክኪ፣ ቀጥሎ በጣት ጫፍ ጫን እያላችሁ። የትኛው ቦታ ላይ ነው ትንፋሹን የሚይዘው? ግራና ቀኝ እኩል ነው ወይስ በአንድ ወገን ብቻ? ሙቀት አለ? እብጠት አለ? ደግሞ እዛው ቦታ ሁለቴ ሶስቴ ስትመለሱ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል? አንዴ ብቻ ከሆነ ኮርኩሮት ሊሆን ይችላል፣ በተመለሳችሁ ቁጥር ከሆነ ግን አሞታል።

የኛ ዳማ አንገቱ ሰላም ነው፣ ደረቱ ሰላም ነው። ጀርባው ጋ ስደርስ ረጅሙ የክረምት ፀጉር ስር ጣቴ ላይ ሻካራ ነገር ተሰማኝ። ከላይ ሲያዩት ምንም የለም፣ ፀጉሩ ብቻ ትንሽ ጭብጥ ጭብጥ ብሏል። አንዷን ጭብጥ ላላ ሳደርጋት ፀጉሩ ከነቅርፊቱ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ፣ ልክ የቀለም ብሩሽ ጫፍ፣ ላዩ ፀጉር ስሩ ደረቅ ቅርፊት፣ የተነሳችበት ቦታ ደግሞ ሮዝ ሆኖ ያዣል። እንደዛ አይነቱ ከኮርቻው ስር እስከ ወገቡ ድረስ ሞልቶታል። እስቲ አስቡት፣ እዛ ላይ ነው እንግዲህ በጠንካራ ብሩሽ ስንፈገፍግ የነበረው።

በማግስቱ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም መጣች። ወጣት ናት፣ አባባ መጀመሪያ ትንሽ ተጠራጥረዋት ነበር፣ «ልጄ ፈረስ ታውቂያለሽ?» አሏት፣ «እስቲ እንየው አባባ» ብላ ሳቀች። አይታ የነገረችን ይሄ በዝናብ ግዜ የሚመጣ የቆዳ በሽታ ነው፣ ፈንገስ ይመስላል ግን ባክቴሪያ ነው የሚያመጣው፣ ቆዳ ለረጅም ግዜ ሲረጥብና ሲላላ ይገባል። የኛን አገር ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው ያለው፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡም ጭጋጉም በረዶውም አይለይም፣ ፀሀይ ብትወጣም ለትንሽ ነው። አባባ ደግሞ ፈረሱ እንዳይበርደው ብለው የፕላስቲክ ሸራ ያለብሱት ነበር። ሸራው ዝናቡን ይከላከላል እውነት ነው፣ ግን ላቡንና ትንፋሹን ከውስጥ አፍኖ ይይዛል፣ ስሩ ሁሌ እርጥብ ነው። ከዛ ያንኑ ብሩሽ ከቁስሉ ወደ ደህናው ቦታ ስንወስደው እኛው አሰራጨነው ማለት ነው።

ህክምናው ከባድ አልነበረም ትእግስት ነው የሚፈልገው። ሸራው ቀረ፣ ጋጣው ጣራ ስር ደረቅ ጭድ ተነጠፈለት። ለብ ባለ ውሃና ሐኪሟ በሰጠችን አዮዲን ባለበት ማጠቢያ ጀርባውን እያራስን 10 ደቂቃ አካባቢ እናቆየዋለን፣ ቅርፊቱ በራሱ ሲለሰልስ የሚነሳው ይነሳል፣ ደረቁን ግን በጥፍር አንነቅልም፣ ያማል። ከዛ በጨርቅ ማድረቅ። ይሄን እኩለ ቀን ላይ ፀሀይ ሲሞቅ ብቻ ነው የምናደርገው፣ ጥቅምት ላይ ውርጩ ሲጀምር ጠዋት ፈረስ ማጠብ ሌላ በሽታ መጥራት ነው። ብሩሹ፣ ከኮርቻ ስር የሚነጠፈው ብርድ ልብስ፣ ሁሉም በፈላ ውሃ ታጥቦ ፀሀይ ላይ ተሰጣ፣ ለሌላ ከብት ማዋስ የለም። እጃችሁንም ታጠቡ፣ አልፎ አልፎ ሰው ላይም ይወጣል ብላናለች። ቁስሉ ሰፊ ከሆነ ወይም ትኩሳት ካለው መርፌ ሊያስፈልገው ስለሚችል ያንን ለሐኪም ተዉት።

እዚህ ጋ ሁለት ነገር በተለይ ልናገር። አንደኛ እንዲህ አይነት እርጥብ ቁስል ላይ ቅቤ መቀባት፣ የባሰ ደግሞ የመኪና የተቃጠለ ዘይት መቀባት ልማድ ነው፣ እባካችሁ ተዉት፣ እርጥበቱን ከስር አፍኖ ያባብሰዋል፣ ዘይቱ ራሱ ቆዳ ያቃጥላል። ሁለተኛ ፈረስ ሲያክከው መዥገር ወይም ቅማል ነው ብሎ ለከብት የተገዛውን የመዥገር መድሀኒት መርጨት። በተለይ አሚትራዝ የሚባለው ለከብት ደህና ነው ለፈረስ ግን አደገኛ ነው፣ አንጀቱን ያቆመዋል፣ በድርቀት ቁርጠት ሊሞት ይችላል። እቃው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ማንበብ ካልቻላችሁ ልጆች ያንብቡላችሁ። ቅማል መኖሩን ለማወቅ ከጋማው ስርና ከጭራው ስር ፀጉሩን ከፍላችሁ ፀሀይ ላይ ማየት ነው፣ ቅጫሙ ፀጉሩ ላይ ተጣብቆ ይታያል። ካለ ለፈረስ የሚሆነውን መድሀኒት ሐኪም ይዘዝ። ደግሞ በእግሩ ወይም በደረቱ ላይ በተርታ የተሰለፉ እባጮች ካገኛችሁ፣ እየፈነዱ መግል የሚያወጡ ከሆነ፣ ብሩሹን እዛው አቁሙና ፈረሱን ከሌሎቹ ለዩት፣ ያ ሌላ ከባድ ተላላፊ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ በኮርቻና በዝንብም ይተላለፋል።

ህዳር ላይ ጀርባው ጥርት አለ፣ አዲስ ፀጉር አወጣ። ደስ ብሎን ለስላሳ ብሩሽ ገዝተን ጀመርን። ጀርባው ላይ ምንም አላለም። ሆዱ ጋ ስደርስ ግን ያው ነው፣ አሁንም ይናከሳል። ቆዳው ድኖ ፀባዩ አልዳነም። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ይመስለኛል፣ አንድ በሽታ አግኝተህ አክመህ ካልተሻለው በቃ ፀባይ ነው ትላለህ። የአባባም ፊት እንደዛ ይል ነበር፣ ሊሸጡት ሁሉ አስበዋል፣ ጫጫ ከተማ አንድ ገዢ ተገኝቶ ነበር።

ቀጥለን ያየነው ኮርቻውን ነው። ፈረሱ ክረምት ላይ ከስቷል፣ ኮርቻው ግን የተሰራው ሲወፍር በነበረው ልክ ነው፣ ስለዚ ጋማው አልቆ ጀርባው የሚጀምርበት ጉብታ ላይ እንጨቱ እየወረደ ይጫነው ነበር። ሁለት ጣት ከጉብታውና ከኮርቻው መሀል ሰው ተቀምጦበትም ካልገባ ኮርቻው ተጭኖታል። ሌላው ማወቂያ ከጉዞ በኋላ ኮርቻውን ስታወርዱ ላቡን ማየት ነው፣ ሁሉም ቦታ እኩል አልቦት መሀል ላይ ደረቅ የሆነ ቦታ ካለ እዛ በጣም ስለተጫነው ነው። ነጭ ነጭ ፀጉር በዳማ ጀርባ ላይ ብቅ ካለ ደግሞ የድሮ ጉዳት ምልክት ነው። ገጣባ የሚባለው የኮርቻ ቁስል የሚጀምረው እንዲህ ነው፣ ቁስሉ ከመታየቱ በፊት ብዙ ግዜ ያመዋል። ኮርቻውን ለሰሪ ወስደን እንደገና አስሞላነው፣ ከስሩ የሚነጠፈውን የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስም እጥፉ እንዳይጨማደድ አድርገን ቆርጠን አስተካከልነው። ጠፍሩ ላይ ጭቃና ላብ ደርቆ ሻክሮ ነበር፣ ታጥቦ ቅባት ጠጣ። ይሄ ትንሽ አሻሻለው፣ ትንሽ።

ዋናው ነገር የተገኘው ሐኪሟ ለሌላ ጉዳይ ሰፈር መጥታ ቡና ልትጠጣ ስትገባ ነው። አባባ ሊጫኑት ሲሉ ጠፍሩን ሲስቡ እንዴት እንደዞረ አየችው። ከዛ ስለ ፀባዩ ምንም አልጠየቀችም፣ የጠየቀችው ማታ ምን ይበላል ነው። እንግዲህ እኛጋ ጅብ አለ፣ ፈረስ ውጪ አያድርም፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ጋጣ ይገባል፣ ሲገባ አንድ ቁና ገብስ ይሰጠዋል፣ ወዲያው ይጨርሰዋል፣ ከዛ እስከ ጠዋት 1 ሰዓት ባዶ ቆሞ ያድራል። ነሐሴና መስከረም ላይ ድርቆሽ ስለሚያልቅ ጭድ ነበር የሚሰጠው፣ እሱም ሲገኝ። ጠዋት ሳይበላ ተጭኖ ገበያ። «ጨጓራውን ነው አባባ» አለች።

አባባ የሳቁት ሳቅ! «ፈረስም እንደኔ ጨጓራ አለው?» ለሳቸው ጨጓራ ማለት በርበሬ የሚከለክላቸው የራሳቸው በሽታ ነው። እሷ ግን አስረዳቻቸው። የፈረስ ጨጓራ ከሰውነቱ አንፃር ትንሽ ነው፣ ተፈጥሮው ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ እየጋጠ እንዲውል ነው፣ ስለዚ አሲዱ ቢበላም ባይበላም ሁሌ ይመረታል። አሲዱን የሚያበርደው ምራቅ ነው፣ ምራቅ ደግሞ የሚመጣው ሲያኝክ ብቻ ነው። የጨጓራው የላይኛው ክፍል መከላከያ የለውም፣ ባዶውን ሲጋለብ አሲዱ ወደላይ እየተረጨ ያቃጥለዋል። ገብስ በአንዴ ብዙ ሲሰጠው ያባብሰዋል፣ ጭድ ብቻውንም ጥሩ አደለም። ከዛ ያ የሚያመው ሆድ ላይ ነው ጠፍር የምናጠብቀው፣ ብሩሽ የምንጫነው። ሆዱን በካሜራ የሚያይ መሳሪያ እኛ ክሊኒክ የለም፣ ስለዚ አመጋገቡን ለውጠን ለውጥ ካለ እናያለን አለች።

አባባ ማታውኑ ከኪሳቸው የራሳቸውን የጨጓራ መድሀኒት፣ ኦሜፕራዞል የሚባለውን፣ አውጥተው ሊሰጡት ነበር ከልባቸው! እንዳትሞክሩት። ለፈረስ የሚሰጠው በኪሎ 4 ሚሊግራም አካባቢ ነው፣ 300 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ 1200 ሚሊግራም ማለት ነው፣ የሰው ባለ 20 ሚሊግራም ካፕሱል 60 ፍሬ። ደግሞ ለፈረስ የሚዘጋጀው አሲዱ እንዳያጠፋው ተደርጎ ነው። የህመም ማስታገሻ መርፌ በየሳምንቱ የሚያስወጉም አሉ፣ አንዳንዱ ማስታገሻ ራሱ ጨጓራ የሚያቆስል ስለሆነ ሐኪም ሳያዝ አይሆንም።

ያደረግነውን ልንገራችሁ። ማታ ሲገባ ድርቆሽ፣ ብዙ፣ ቶሎ ብሎ እንዳይጨርሰው በቀዳዳ መረብ ውስጥ አድርገን ሰቀልንለት፣ ግማሽ ሌሊት እያኘከ ያድራል። ሐኪሟ ከ5 ከ6 ሰዓት በላይ ባዶ ሆዱን አትተዉት ብላለች። በቀን በጠቅላላ ከክብደቱ ከመቶ 1.5 እስከ 2 የሚሆን ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል፣ 300 ኪሎ ከሆነ ከ4.5 እስከ 6 ኪሎ ነው፣ አብዛኛው ድርቆሽ ቢሆን። ገብሱን አልከለከልነውም ቀነስነው፣ ከድርቆሹ በኋላ በትንሽ በትንሹ ተከፍሎ ይሰጠዋል። ከመጫኑ በፊት ደግሞ ሁለት ሶስት እፍኝ ድርቆሽ ሳይበላ አይወጣም፣ ያኘከው ነገር ጨጓራው ውስጥ አሲዱን አምቆ ይይዘዋል። ወጪ አለው፣ አልዋሽም፣ ድርቆሽ ውድ ነው። ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ መኖ ሲወደድ የዶሮ መኖ ለፈረስ የሚቀላቅሉ ሰዎች አሉ፣ በፍጹም እንዳታደርጉት፣ አንዳንዱ የዶሮ መኖ ውስጥ የሚገባ መድሀኒት ፈረስን ይገላል።

ለውጡ አንድ ቀን የመጣ አደለም። መጀመሪያ ያየነው ፋንድያው ተስተካከለ፣ ፀጉሩ መብረቅ ጀመረ፣ ጠፍር ሲታሰር መናከሱ ወደ ጆሮ መለጠፍ ወረደ። እኔ ጆሮ መለጠፉ ሲመለስ ነው ደስ ያለኝ፣ መናገር ጀመረ ማለት ነዋ።

ቀጥሎ ያለው ስራ ደግሞ ማንም የማይነግራችሁ ነው። ህመሙ ቢድንም ፈረሱ አይረሳም። ብሩሽ ማለት ህመም ነው ብሎ ይዞታል፣ ገና ሳትነኩት ይወጠራል። ይሄን በጉልበት ማስለቀቅ አይቻልም። እኔ የጀመርኩት ከማይጠላው ቦታ ነው፣ ጋማው የሚያልቅበት ጉብታ አካባቢ። ፈረሶች ሜዳ ላይ እርስ በርስ ሲተካከኩ አይታችሁ ከሆነ እዛ ቦታ ላይ ነው በጥርሳቸው የሚተካከኩት፣ ይወዱታል። እዛ በጣቴ አክለታለሁ፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ አቆማለሁ። ከዛ በለስላሳ ጨርቅ ወደ ጎኑ። መወጠር ከመጀመሩ በፊት እጄ ወደ ጉብታው ይመለሳል። ሚስጥሩ ያ «ከመጀመሩ በፊት» የሚለው ላይ ነው፣ ሲናከስ እጃችሁን ካነሳችሁ መናከስ እንደሚሰራ አስተማራችሁት፣ ሲረጋጋ ካነሳችሁ ደግሞ መረጋጋት እንደሚሰራ ይማራል። ስለዚ እሱ ሳይጠይቃችሁ በፊት ተዉት። አንዳንድ ቀን አንድ ጎን ብቻ፣ አንዳንድ ቀን ምንም፣ ጥድፊያ ያለባችሁ ቀን ኮርቻው የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ ጭቃውን አስለቅቃችሁ ሂዱ፣ ሙሉ ፈረስ በየቀኑ መብረቅ የለበትም፣ ለጥምቀት አደለም።

አቋቋማችሁ ላይ ተጠንቀቁ። ከትከሻው ጎን፣ ጠጋ ብላችሁ፣ ፊታችሁ ወደ ኋላው ዞሮ፣ አንድ እጅ ሁሌ ሰውነቱ ላይ። ሆዱን ስትቦርሹ ጉልበታችሁን መሬት ላይ አታሳርፉ፣ ቁጢጥ በሉ፣ ለመሸሽ ይቀላል። በፈረሱና በግድግዳ መሀል አትግቡ። ገመዱን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ። አሳጥራችሁም አትሰሩት፣ የታሰረና መሸሻ ያጣ ፈረስ ያለው አማራጭ መናከስ ብቻ ነው፣ እኔ ወንድሜ ላላ አድርጎ እንዲይዝልኝ ነው የማደርገው። ልጆች ይራቁ፣ ፈረሱ ጨዋ ነው የሚለውን እርሱት እስኪድን ድረስ። ምግብ የሚቀማ አይነት ፈረስ ካልሆነ ድርቆሽ እያኘከ ብትቦርሹት ጥሩ ነው፣ የኛ በጣም ረድቶታል።

አንድ አስቂኝ ነገርም አለ፣ ከህዳር በኋላ ያ ደረቅ ብርድና ንፋስ ሲመጣ በፕላስቲክ ብሩሽ ስቦርሸው እንደገና ይዘል ጀመር፣ ልቤ ወደቀ፣ ተመለሰበት ብዬ። ለካ ብሩሹ ፀጉሩን ሲነካ ቸር ቸር የሚል ብልጭታ ይፈጥራል፣ ማታ ጨለማ ውስጥ ሲሆን በአይን ይታያል፣ ሹራብ ስናወልቅ እንደሚነዝረን ያለ። ጨርቁን ትንሽ እርጥብ አድርጌ ቀድሜ ስጠርገውና ብሩሹን በጭራ ፀጉር ወደተሰራው ስቀይረው ቆመ። እና አንዳንዴ እንዲህ ቀላል ነገርም ይሆናል፣ ሁሉንም በሽታ አታድርጉት።

በተቃራኒው ሳይዘገይ ሐኪም የሚያስፈልገው ይሄ ነው፣ ጎኑን እያየ መሬት ከጫረ፣ ደጋግሞ ከተኛና ከተንከባለለ፣ ፋንድያ ካልጣለ፣ ምግብ ከተወ፣ ያ የቁርጠት ምልክት ነው፣ ብሩሹን ጥላችሁ ወዲያው ደውሉ። ሐኪም ስትጠሩ ደግሞ «ይናከሳል» ብቻ አትበሉ። የትኛው ጎን፣ ከመብላቱ በፊት ወይስ በኋላ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ያኔ ምን ተቀየረ፣ መኖ ነው፣ ኮርቻ ነው፣ ማደሪያ ነው፣ ይሄን ይዛችሁ ጠብቁ። በስልክ ቪዲዮ ቅረጹት፣ ሐኪም ሲመጣ ብዙ ግዜ ፈረስ እንደ መልአክ ነው የሚቆመው።

አሁን ዳማው ደህና ነው። ግራ ሽንጡን እስካሁን አይወደውም፣ እሱን በእጅ ብቻ ነው የምጠርገው፣ ተስማምተናል። አባባ ጠፍሩን በአንዴ ስበው አያጠብቁም፣ መጀመሪያ ላላ፣ ትንሽ አራምደውት መልሰው፣ ከመውጣታቸው በፊት ደግሞ አንዴ። የጫጫው ገዢ ደውሎ ነበር፣ አይሸጥም ብለውታል። ዘንድሮ ድርቆሹን ገና በታህሳስ ገዝተን ከመርነው፣ ነሐሴ ላይ ዋጋው የት እንደሚደርስ ታውቁታላችሁ። ሸራውን አባባ የኩበት መሸፈኛ አድርገውታል።